ከበሩ ሥር ያለችው ድንጋይ

የተሰበረ የመስኮት ማጠፊያ በኪሴ ይዤ ወደ በያጁ ሱቅ ባልሄድ ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። በያጁን ሰፈርተኛው «ምሰሶ» ይላቸዋል። ራሳቸው የሱቁን ጣራ ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ በእጃቸው ሥራ የታመኑ ሰው ናቸው።

ስደርስ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከልጃቸው ጋር ተፋጠዋል። ልጅቱ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። በእጇ የያዘችው ቅጽ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ምን እንደምትማር የሚወስን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የአባት ፊርማ ካላረፈበት ትምህርት ቤቱ ቦታ ወዳለበት ይመድባታል።

«እንኳን መጣህ» አሉኝ። «አንተ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስክ ሰው ነህ፤ ፍረደን። የምርት ዲዛይን እማራለሁ ትላለች። የበያጅ ልጅ ዕቃ መሥራት ለመማር ከቤቷ ትወጣለች? ዓሣ ዋና ለመማር ከውኃ ሲወጣ አይተሃል?»

እኔ ሐሳቤን እስክሰበስብ ልጅቱ ቀደመችኝ። «አባባ፣ መሥራቱንማ ከእርስዎ በላይ የሚያስተምረኝ የለም። እኔ የምማረው ከመሥራት በፊት ያለውን ነው።»

«ከመሥራት በፊት መለካት ነው፤ እሱንም እኔ አሳይሻለሁ።»

«የበር መቀርቀሪያ የት ላይ እንደሚበየድ በምን ይለካሉ?»

ቀጥ ብለው ቆሙና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «በዚህ። ሃያ ዓመት አንድ ቀን አላሳሳተኝም።»

ልጅቱ ደብተሯን ገለጠች። «ለትምህርቱ መግቢያ ለሚጠየቀው ሥራ ይሆነኛል ብዬ እርስዎ የሠሯቸውን ዐሥራ አንድ በሮች ዞሬ አየሁ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ተመለከትሁ። በሰባቱ ከበሩ ኋላ ዱላ ቆሟል።»

«እሱማ ለውሻ ነው» ብለው ሳቁ። «የዚህ ሰፈር ሰው ፈሪ ነው።»

«ከሰባቱ ውሻ ያለው አንዱ ግቢ ብቻ ነው፤ እሱም አርጅቶ መጮህ ትቷል። ዱላው መቀርቀሪያውን ለመግፋት ነው፣ አባባ። የቤቱ ሰዎች በእጃቸው አይደርሱበትማ።»

ሳቃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞሩ። «እናንተስ ቤት?»

«የእኛ እንኳ መጥረጊያ ነው፣ ጋሼ። እናቴ በእጀታው ነው የምትከፍተው።»

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?»

«እናቴ እኔ አጠርኩ እንጂ በሩስ ደህና ነው ትላለች።»

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ሥራው የተከበረ ሰው ስሕተቱን የሚነግረው ያጣል።

በያጁ ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። «እሺ፣ ዝቅ አደርገዋለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት ሳይፈጅብኝ ተማርኩ።»

«እስከ የት ዝቅ ያደርጉታል?»

«እስከ ወገቤ።»

«አሁንም በእርስዎ ወገብ?» አለች ልጅቱ፤ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «በጣም ዝቅ ካለስ ሕፃን ከፍቶ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል። የምማረው እሱን ነው፣ አባባ፤ ማን እንደሚከፍተው ማየት፣ በካርቶን ሠርቶ ማስሞከር፣ ካልሆነ ጥሎ እንደገና መጀመር። ካርቶን ቢበላሽ አይቆጭም። ብረት ያለ ቦታው ከተበየደ ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ዱላ ሲፈልግ ይኖራል።»

አባቷ ከሱቁ ኋላ ወዳለው የራሳቸው ግቢ በር ሄዱ፤ ተከተልናቸው። ከመቀርቀሪያው ሥር መካከሏ የተሰረጎደ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች።

«ይቺስ?» አሉ ልጃቸውን።

«የእማማ ናት። ቆማባት ነው የምትከፍተው።»

ድንጋይዋን ብዙ አዩአት። «እኔ እኮ ለጫማ ያኖረችልኝ መስሎኝ ስንት ክረምት ጭቃዬን ጠረግሁባት» አሉ በዝግታ። ከዚያም «እስክሪብቶ አለህ?» አሉኝ።

ቅጹ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈረመ።

ልጅቱ ዛሬ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባቷ ብረት ከመቁረጣቸው በፊት የካርቶን መቀርቀሪያ በገመድ አስረው የደንበኛውን ቤት ሰው ሁሉ ያስሞክራሉ። ደንበኛቸው በዝቷል፣ አሮጊቶች ያለ ዱላ ይወጣሉ ይገባሉ። ትምህርት የአባትን ሙያ አይሽርም፤ ዓይን ይጨምርለታል።

ያን ቀን ቅጹን እንደፈረሙ ማጠፊያዬን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ ምን እንደሰበረው ሳይጠይቁኝ፣ «መስኮቱን የሚከፍተው ማነው?» አሉኝ።