የዶላር ወረፋ

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንገቱ ላይ የሆስፒታል መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመሩት ሽማግሌው ናቸው።

«ልጄ፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ማሽን ጠጋኝ ነኝ።»

«ሲቲ ስካናችሁ ተሠራ?»

«እንደቆመ ነው። ምነው፣ የታመመ ሰው አለ?»

«ልጄ ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ ወጥቶባት ህንድ አውጥተውላት መጣች። አሁን በየሦስት ወሩ አገራችሁ ሲቲ ስካን አስነሷት ብለውናል።»

«እንኳን ለዚህ አበቃት።»

«አሜን። ታዲያ ለምን አትጠግነውም?»

«መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው። ዶላር ጠይቀን ባንክ ወረፋ እየጠበቅን ነው። ዓመት አለፈው።»

«ዓመት? እኛ እኮ ውጭ ትታከም የሚል የሜዲካል ቦርድ ደብዳቤ ይዘን ባንክ ሄደን ዶላሩን በሳምንቱ ሰጡን።»

«ለታማሚ ቅድሚያ ይሰጣል።»



«የናንተን ነዋ የወሰድነው።»

«እንደሱ አይበሉ፣ ጋሼ። እርስዎ ባይወስዱት ሌላ ታማሚ ይወስደዋል።»

«ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ ግን ሕመሟ በጊዜ ይታወቅ ነበር። ህንድም ባልሄድን።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አሁን የት ልውሰዳት?»

«አዲስ አበባ ይሞክሩ።»

«እዚያም ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ያው ቦርዱ ሌላ ደብዳቤ ይጽፍልዎታል።»

ባንክ ላስገባው የያዝኩትን የእናቴን የቦርድ ደብዳቤ ከጭኔ ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።