ፀሐይ ላይ የተሰጣው ሥዕል

— ሄሎ? … አዎ፣ ኪየም ነኝ። … ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ነው፣ አስጠርተውኝ መጣሁ። … ደህና ነኝ፣ ሙሴ ቫሌሮ። ሥዕሌስ?

— … ጮክ ይበሉ፣ መስመሩ ይንጫጫል። … ያለቅሳል? ምኑ ነው የሚያለቅሰው? … አሃ፣ ሥዕሉን የቀባንበት ሙጫ። አልደርቅ ብሎ ቁልቁል እየወረደ ነው።

— አጎቴ፣ ሥዕላችን እየቀለጠ ነው ይላል። … ይቀመጡ እንጂ፣ ይቀመጡ። … ምን አሉ ሙሴ? ማንም አይደለም፤ አብረውኝ የሠሩት ሽማግሌ ናቸው።

— የት ነው ያስቀመጡት? … መስኮቱ ሥር? ፀሐይ ላይ? … ማራገቢያም ከፍተውበት! … ኧረ እየሳቅኩ አይደለም።

— ትናንት ሁለት ሰው ልከው ከሽማግሌው ቤት ሲያስወስዱት፣ ገና ነው፣ አልደረሰም ብዬ ነበር። … አውቃለሁ፣ ገዥው ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ፓሪስ። … መፍትሔውን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የማን ስም አለ?

— … ያንብቡልኝ። … «በመምህር ቫሌሮ፣ በአገሬው ሠራተኞች እጅ የተሠራ»። … እኔም ሠራተኛ መሆኔ ነው? አምስት ዓመት ያስተማሩኝ? ዲፕሎማዬ ላይ የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?

— … ንድፉን አዩት እንጂ አልሠሩትም። «ሰማዩን ትንሽ አጥቁረው» ብለው ሄዱ፣ በቃ። ልክ ነበሩ፣ አልክድም፤ ጠቁሮ አምሮበታል። ግን ሙጫውን አሥራ አንድ ጊዜ የቀባነው፣ በየመሐሉ በውሃ እያራስን የሞረድነው እኛ ነን። በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን ብቅ ብለዋል? … ሽታው ራስዎን ያምዎታል። እሺ።

— … ቃል የገቡልኝን የማስተማር ሥራ ይከልክሉኝ፣ ግድ የለም። … እኔ ነኝ ባለጌ? እርስዎ እያልኩ የማናግርዎት? አምስት ዓመት ሙሉ እንደ አሽከር «አንተ» ሲሉኝ አቤት ስል ነው የኖርኩት።

— ምን አሉ አጎቴ? … አይ! አልነግረውም። ይቅለጥበት!

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … የእኔን ስም ይጽፋሉ? ጥግ ላይ፣ በትንሹ? … የእሳቸውስ? … የሽማግሌው ነዋ! ሙጫውን ያጣሩት፣ ወርቁን የለጠፉት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎችዎ ሙያውን ያሳዩት። … «የእጅ ባለሙያ አይፈርምም»። … እንግዲያው እዚያው ፀሐይዎ ላይ ይተዉት። ደህና ይዋሉ።

— … ቆይ፣ አጎቴ፣ ክንዴን ይልቀቁኝ። … የእርስዎንም ስም እኮ ነው የቀማው! … እሺ። እሺ አልኩ እኮ፣ አያልቅሱ።

— ሄሎ፣ አሉ? … ይጻፉ። ማራገቢያውን ያጥፉ። መስኮቱን ይዝጉ። … ይዝጉ ነው ያልኩት። የሶን ዛፍ ሙጫ እንደ ዘይት ቀለምዎ አይደለም፤ የሚደርቀው እርጥበት ውስጥ ነው። … አዎ፣ እርጥበት። የሥዕሉን ሰሌዳ ያጋድሙት፣ ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ ይስቀሉ፣ ጨርቁ ግን እንዳይነካው። እስከ ቅዳሜ በሩን ማንም እንዳይከፍት። … ይድናል ይላሉ አጎቴ።

— እኔን አያመስግኑኝ። እኔማ ልዘጋብዎት ነበር፤ ንገረው ብለው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። እዚሁ አጠገቤ ቆመዋል፣ እሳቸውን ያመስግኑ። … «ሽማግሌው» አይባልም፣ በስማቸው። … ሦስት ዓመት በግቢዎ ገብተው ወጥተዋል እኮ፣ ሙሴ። … ስማቸውን ከዘበኛው አይጠይቁ፣ ሲያንሾካሹኩ ይሰማኛል። … እየጠበቅኩ ነው።

— … አይ አጎቴ፣ መስመሩስ አልተቆረጠም። ሲተነፍስ ይሰማኛል። … ይኸው። ዘጋው።