አሥር ከአሥር ለቀሪው

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ሰሞን ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ መምህር አጠገቡ ላሉት እናት ያማርራል።

«አዲስ የምዘና ዘዴ አውጥተናል። ተማሪዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ነጥብ ይሰጣጣሉ።»

«እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኛ እንደምራለን።»

«ደሞዙንም ለነሱ ስጧቸዋ!»

«ተዉኝ እናቴ! አምስት አምስት ሆነው ይቧደናሉ። አንዱ ቡድን ትልቁን ነጥብ ለማን ሰጠ መሰለዎት? ወር ሙሉ ክፍል ላልገባ ልጅ!»

«ሰነፍ ነው?»

«ታስሯል። ከዶርም ነው የወሰዱት።»

«ያ ዋቃዮ! አምላኬ!»

«‹ለቡድኑ ያደረገው አስተዋጽኦ› በሚለው ፊት ለፊት አሥር ከአሥር ሞሉለት። አራቱም!»

«ምክንያቱን አልጻፉም?»

«ጽፈዋል እንጂ። ‹ስማችንን አልተናገረም› ይላል። ይሄ አሁን መመዘኛ ነው?»

«አንተስ ስንት ሰጠኸው?»

«የነሱን ሰርዤ ዜሮ ነዋ! ቀሪ ነው።»

«ጎሽ፣ መምህር! ልጁ እየተደበደበ ያልተናገረውን አንተ ማንም ሳይነካህ ታክሲ ውስጥ ታወራለህ?»

መምህሩ ዞር ብሎ ከኋላው የተቀመጥነውን አንድ በአንድ አየን።

እኔም «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።