ተመላሽ አለዎት

በኮሮናው ጊዜ፣ እኛ ስደተኞች በምንበዛበት በዱርንፎንቴን ሰፈር፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የታክስ ፎርም በነፃ እንሞላ ነበር። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ቃል መምረጥ ብዙም አይሆንልኝም። አንድ ቅዳሜ እትዬ አስቴር መጡ። ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ሆቴሉ ሲዘጋ ከሥራ ወጥተዋል። ወረቀታቸውን ሳየው ከደሞዛቸው የተቆረጠባቸው ታክስ ከሚገባው በላይ ነው። ደስ አለኝና ማስኬን እንዳጠለቅኩ ከፕላስቲኩ መከለያ ጀርባ «እትዬ፣ ተመላሽ አለዎት» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና «መቼ ነው?» አሉ። «ቢዘገይ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው።» «ልጆቼስ? አብረውኝ ናቸው ወይስ እኔ ብቻዬን?» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ «ወደ አገርዎ ሊመልሱዎት ነው» ያልኳቸው መስሏቸዋል። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎን አይደለም፤ ገንዘብዎን ነው የሚመልሱልዎት» ብዬ አስረዳኋቸው።

እፎይ አሉ። ከዚያ ግን ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «እኔ ደግሞ ደንግጬም ቢሆን እናቴን አየኋት ብዬ ነበር» አሉ። «ገንዘቡ የአዲስ አበባ ቲኬት ይገዛል?»

ሂሳቡን ደግሜ አየሁት። «ለመሄጃው ይበቃል እትዬ። ለመመለሻው አይበቃም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ምኑን ተመላሽ አላችሁት?»