የሙጫው ዱቄት

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት መምህርት የካርቶን ድልድይ ታቅፋ ከፊቴ ባለው ወንበር ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ልጆቹን በእጃቸው እያሠራን እንድናስተምር፣ ሥልጠና ላይ የሠራኋት ናት፣ ጋሼ።»

«እኔም አስተማሪ ሳለሁ ሥልጠና ላይ ሠርቻለሁ። በድርቁ ጊዜ፣ አብዮቱ በፈነዳ ዓመት፤ ፍሬ ባልያዘ የማሽላ አገዳ።»

«በምን አጣበቃችሁት?»

«ለሙጫ ብለው አንዳንድ እፍኝ ዱቄት አደሉን።»

«ቆመ?»

«ድንጋይ ሲጫንበት የሁላችንም ተናደ። ዱቄቱን በየኪሳችን ይዘን ለልጆቻችን ወስደነው ነበራ!»

«አሰልጣኙ አልተቆጡም?»

«ወላሂ፣ አልተቆጣም። ‹ሙጫው አንሷችሁ ነው› አለና በማግስቱ እጥፍ አድርጎ አመጣ። አይ እሱ ሰው! ዛሬም ይናፍቀኛል።»

«የማግስቱስ ቆመ?»

«የት ይቆማል፣ ልጄ!»

ልገምጠው የነበረውን ዳቦ ወደ ፌስታሉ መለስኩት።