ድምቡሼ ፊደል

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ አያልነሽ ከአንዲት ጠባብ የስቲከር ሱቅ በር ላይ የተለጠፈውን ድብልብል ጽሑፍ በጥፍራቸው ሊልጡ ይታገላሉ፤ የሱቁ ባለቤት ሐያት ከኮምፒውተሯ ተነስታ ደርሳባቸዋለች።

ሐያት፦ ኧረ በአላህ ይተዉት እናቴ! ጥፍርዎ ሊነቀል ነው እኮ። ፊደሉ ምን አደረገዎት?

አያልነሽ፦ አንሺው ብያለሁ አንሺው። ከዚህ በር ይነሳ፤ ከባጃጁም ይነሳ፤ ከጭማቂ ቤቱም ይነሳ።

ሐያት፦ ባጃጁ ደግሞ ምን አጠፋ?

አያልነሽ፦ ያንን ‹ቀስ በል› የሚለውን የለጠፍሽበት አንቺ አይደለሽም?

ሐያት፦ እኔ ነኝ። ባለ ባጃጅ ቀስ በል ቢባል ምን ይከፋል? የፊደሉ መልክ ካስጠላዎት ሌላ ፎንት ሞልቷል። ይግቡና ይምረጡ። ይሄ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ይሄ ለሰርግ ካርድ ይሆናል፤ ይሄኛው ደግሞ...

አያልነሽ፦ ልመርጥ አልመጣሁም።

ሐያት፦ ታዲያ ሌላው የመረጠውን ለምን ያስጥሉኛል? ይሄን ድብልብል የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ናት የወደደችው። የልጆቹ ስም ምሳ ዕቃቸው ላይ በዚህ ይጻፍ ብላኛለች። ማንበብ እንኳ ሳይችሉ አይተውት ይስቃሉ። አንዱማ ‹ይሄ ፊደል ምሳውን በልቷል!› አላለም?

አያልነሽ፦ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሐያት፦ ምነው እናቴ፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ምሳሌ! ነገሩ ‹ባልበላውም ጭሬ ልበትነው› እንዳይሆን ብቻ።

አያልነሽ፦ ‹ነ›ን አሳዪኝ።

ሐያት፦ ምን?

አያልነሽ፦ ‹ነ›ን በትልቁ ጻፊና አሳዪኝ።

ሐያት፦ ይኸው።

አያልነሽ፦ ጭራዋን አየሻት? ወደ ላይ የተጠቀለለችውን?

ሐያት፦ እንደ ድመት ጭራ። እኔም ከሁሉም እሷን ነው የምወዳት።

አያልነሽ፦ አንደኛ ክፍል ሳለች ለዚህች ጭራ መምህሯ እጇን በማስመሪያ መቷታል። ‹ነ ጭራ የላትም› እያለ። ቤት መጥታ ‹እማዬ፣ ከሌላት እኔ እሰጣታለሁ› አለችኝ።

ሐያት፦ ማን?

አያልነሽ፦ ልዕልና። ልጄ። ፎንት ምናምን የምትዪው የልጄ የእጅ ጽሑፍ ነው። ልጄ ደግሞ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ሐያት፦ ...እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ይሄ ወንበር ይሻላል።

አያልነሽ፦ መጀመሪያ ያየሁት ባጃጁ ላይ ነው። ገበያ ልሄድ ወጥቻለሁ፤ ልጄ በገዛ እጇ ‹ቀስ በል› ብላ ጽፋ ከፊቴ ትሄዳለች። ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ። አልደረስኩባትም። በሌላ ቀን ጭማቂ ቤቱ መስታወት ላይ ‹አቮካዶ› ብላ ጠበቀችኝ። እሺ ብዬ ቤቴ ስገባ የጎረቤት ሕፃን የውሃ ዕቃ ላይ አለች። ለእህቴ ብነግራት ጸበል ወሰደችኝ።

ሐያት፦ አልተሻለዎትም?

አያልነሽ፦ ከጸበሉ ስመለስ የሚኒባሱ በር ላይ ነበረች። ‹በሩን በቀስታ› ትላለች።

ሐያት፦ እትዬ፣ ይስሙኝ። እኔ ነኝ። ባጃጁም፣ ጭማቂ ቤቱም፣ ሚኒባሱም፣ ሁሉንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዓይንዎ አልሳተም፤ አእምሮዎም ደህና ነው።

አያልነሽ፦ የልጄን እጅ ከየት አመጣሽው? አንቺን ታውቅሻለች?

ሐያት፦ በመልክ አንተዋወቅም። ስቲከር የምንሠራ ሰዎች ፎንት የምንለዋወጥበት የቴሌግራም ቡድን አለን። አንዲት ልጅ ‹ስልኬ ላይ በጣቴ የሠራሁት ነው፤ በነፃ ውሰዱት፤ ብቻ ለልጆች ነገር ይሁን› ብላ ጣለችልን። እኔ ነኝ ባጃጅ ላይ ያወጣሁት። ስሟን አልነገረችንም። ‹ድምቡሼ› ነበር የምትባለው።

አያልነሽ፦ ድምቡሼ... እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ስትወለድ አንገት አልነበራትም። ‹ስልኩን ተይና አጥኚ› እያልኩ ስጮህባት ለካ...

ሐያት፦ ለካ ይሄን ስትሞነጭር ነበር።

አያልነሽ፦ ሌላስ ምን አለችሽ?

ሐያት፦ ቁጥሮቹ ይቀሩ ነበር። ‹ቁጥሮቹንስ?› ብዬ ጻፍኩላት። ‹ዩኒቨርሲቲ ልገባ መንገድ ልጀምር ነው፤ ስደርስ እሠራልሻለሁ› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ብጽፍ ዝም፣ ብጽፍ ዝም።

አያልነሽ፦ በመጨረሻ ‹ኮራሽብን እንዴ?› ብለሽ ጻፍሽ።

ሐያት፦ እንዴት... ይሄን እንዴት አወቁ?

አያልነሽ፦ ስልኳ እኔ ጋ ነው። ከአደጋው ቦታ አምጥተው ሰጡኝ፣ መስታወቱ እንደተሰነጣጠቀ። መክፈቻውን አላውቀውም፤ ግን እንዳይጠፋብኝ ቻርጅ አደርገዋለሁ። የአርባዋ ዕለት ድንኳን ውስጥ ጉያዬ ሆኖ ጮኸ። ባየው ‹ኮራሽብን እንዴ?› ይላል። ሰው ሁሉ ‹ሙት ወቃሽ አያርገኝ› እያለ፣ ይሄ ሙት የሚወቅስ ማነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።

ሐያት፦ አላወቅኩም! ወላሂ፣ እትዬ፣ አላወቅኩም። የሰው ልጅ ዝም ሲል ኩራት ነው ብሎ ማሰብ ይቀናኛል፤ አፌ ይቆረጥ!

አያልነሽ፦ አፍሽ ምን አደረገ? ያልተነገረው ሰው መጠበቁ አይቀርም። እኔም ‹ስትደርሺ ደውዪ› ብዬ ነው የሸኘኋት። አውቶቡሱ ገደል ከገባ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ ሳልሰማ፣ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ‹ይቺ ልጅ ዘነጋችኝ› እያልኩ ነበር። እኔም ወቅሻታለሁ።

ሐያት፦ ...እትዬ፣ አንዴ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ።

አያልነሽ፦ ምን ልትጽፊ ነው?

ሐያት፦ ይቆዩ። አሁን ያንብቡት።

አያልነሽ፦ ‹እማዬ፣ ደርሻለሁ።›

ሐያት፦ በእጇ ነው። በትልቁ አትምልዎታለሁ፤ መኝታ ቤትዎ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ከእኔ ነው።

አያልነሽ፦ ‹ማ›ን ልክ እንዲህ ነበር የምታደርጋት። አንድ እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ተቀመጠ ሰው።

ሐያት፦ ላትመው?

አያልነሽ፦ አጥፊው።

ሐያት፦ አስቀየምኩዎት? እኔ እኮ...

አያልነሽ፦ ደግ ነሽ። ግን አጥፊው። ልጄን ያልጻፈችውን አታጽፊያት። አልደረሰችም።

ሐያት፦ እሺ... ይኸው፣ ጠፋ። የበሩንም አሁን እልጠዋለሁ። ባለ ባጃጁንም ፈልጌ አስነሳዋለሁ። ለመምህርቷም ሌላ ፎንት ምረጪ እላታለሁ።

አያልነሽ፦ ልጆቹ የት ነው የሚማሩ?

ሐያት፦ ከአስፋልቱ ማዶ። ይሰማዎታል ጫጫታው? ሊለቀቁ ነው።

አያልነሽ፦ ወስዶ ቤታቸው የሚያስገባቸው ሰው አላቸው?

ሐያት፦ ኧረ እናቶቻቸው በሩን አጣበውት ነው የሚጠብቋቸው።

አያልነሽ፦ እንግዲያው የእነሱን ስም በልጄ ፊደል ጻፊ። እነሱ ይደርሳሉ።