ከቁም ሣጥኑ ጀርባ

ሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ማለት እወዳለሁ፤ ባለቤቴ «ይህ ጠባይህ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሃል» ትለኛለች። ያን ዕለት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ግን ነገሩ ራሱ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት የልብስ ሰፊው ባለቤት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ደረጃው መካከል ቁጭ ብለዋል። ባልዲውን አነሳሁላቸውና ምን እንደ ገጠማቸው ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ ቧንቧ ሠሪውን አባረውት ነዋ» አሉኝ። «ግድግዳው እንደ ተቦረቦረ ነው፤ ውሃው ተዘግቷል። እሳቸው እንደሆነ ንግግር እንጂ ባልዲ አያነሱም።»

ወጥ ቤታቸው ስገባ ልብስ ሰፊው ጋሼ ከእህታቸው ልጅ ጋር ክርክር ገጥመዋል። ልጅቱ ኮሌጅ የምትማር፣ ለዕረፍት እነሱ ዘንድ የሰነበተች፣ ረጋ ያለች ናት። ጋሼ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመርፌና በክር የኖሩ፣ ሌላ ባለሙያ ዋጋ ሲጠራ ግን ግማሹ ውሸት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩ ዳኛ የመጣላቸው ይመስል ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። ቧንቧ ሠሪው የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ሊቀይር በአንድ ዋጋ ተስማምቶ ነበር፤ ግድግዳውን ሲከፍት የውስጡ ሁሉ ዝጓል አለና ዋጋውን እጥፍ አደረገው።

«ቤቴን ከከፈተ በኋላ የት ይሄዳል ብሎ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ዘረፋ አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ወደ እሳቸው አደላሁ። የቤቴን በር ቁልፍ የቀየረልኝ ሰው ያስከፈለኝ ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጅቱም ብትሆን አጭበርባሪ የለም አላለችም።

«አጭበርባሪማ ሞልቷል» አለች። «ግን ጋሼ፣ ከሐቀኛው የምንለየው በምንድን ነው?»

«መሃል ላይ ዋጋ የለወጠ ሌባ ነው። በቃ።»

«እሺ። አንድ ሰው ኮት ይዞ መጥቶ እጅጌውን ብቻ አሳጥሩልኝ ቢልዎት፣ ከመስማማትዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?»

«ገልብጬ አየዋለሁ እንጂ። ገበሩ የተበላ እንደሆነ ገና ስነካው ይተረተራል፤ ጣጣው ለእኔ ነው።»

«ሰውየው የተበላውን ሸፍኖ ቢያመጣብዎትስ?»

«እጨምርበታለኋ» አሉና ድንገት ቆም አሉ። ወዴት እየወሰደቻቸው እንደሆነ የገባቸው መሰለኝ፤ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ።

ልጅቱ ዞር ብላ ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን አየችው። የልብስ ቁም ሣጥን ወጥ ቤት ምን ይሠራል? ከገባሁ ጀምሮ ይህን ለመጠየቅ አፌን ሲበላኝ ነበር።

የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ከመኝታ ቤት ገፍተን ያመጣነው ሁለታችን ነን» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «ግድግዳው ርሶ አብጧል፣ ሰውየው ካየ ዋጋ ይሰቅላል፣ እንከልለው አሉኝ።»

እኔና ልጅቱ ቁም ሣጥኑን ጎትተን አነሳነው። ከጀርባው ያለው ቀለም ጠቁሮ ተነፋፍቷል፤ በጣቴ ጫን ባደርገው ልስኑ ተፈርፍሮ እግሬ ላይ ወደቀ። ጋሼ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብለው አጉረመረሙ። እውነታቸውን ነው፤ ባለሙያ ጠርተን በሽታችንን የምንደብቀው ብዙዎች ነን።

«ሰውየው ሌባ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለች ልጅቱ። «አሁን ግን ማወቂያ የለንም፤ መለኪያውን የደበቅነው እኛ ነን። ሁሉን አሳይተን የዕቃውንና የእጅህን ዋጋ ለይተህ ንገረን ብንለው፣ ያንኑ ለሌላ ባለሙያ አሳይተን ብንጠይቅ ኖሮ፣ ያበዛብንን ምክንያቱን እንጠይቀው ነበር። ምክንያት ቢያጣ እንሸኘው ነበር።»

በዚህ መሃል ባለቤታቸው ውሃውን ወደ በርሜሉ ገልብጠው፣ ባዶውን ባልዲ አንስተው እያነከሱ ወደ በሩ አመሩ። ጋሼ በዓይናቸው ሲከተሏቸው ፊታቸው ተለወጠ። ተነሱና ባልዲውን ከባለቤታቸው እጅ ወሰዱ።

«ተቀመጪ» አሏቸው። «ነገ ሰውየውን እጠራዋለሁ።»

ቧንቧ ሠሪው በማግሥቱ ቅር እያለው መጣ። ጋሼ ግድግዳውን አሳዩት፤ ቁም ሣጥኑ ለምን እዚያ እንደ ነበረም ሳይጠየቁ ነገሩት። ቀጥለው ባለቤታቸው እንኳ ያላወቁትን የመታጠቢያ ቤቱን ጠብታ አሳዩት። ሰውየውም የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለያይቶ ተናገረ። ሌላ ባለሙያ ተጠይቆ የሰጠው ዋጋ ከእሱ ብዙም የራቀ አልነበረም። ይቀንሳል ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ አልቀነሰም። ጋሼ ግን ለምን እንደሚከፍሉ አውቀው ከፈሉ፣ ሰውየውም እየተሰደበ ሳይሆን እየተመሰገነ ሠራ፣ የሴትዮዋም ጉልበት አረፈ። ሁሉን አሳይቶ መዋዋል ይህን ያህል ይጠቅማል።

ሥራው ሲያልቅ ቧንቧ ሠሪው ጃኬቱን አነሳ። ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ይችን ለመስፋት ስንት ያስከፍሉኛል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

«መጀመሪያ ገልብጠህ አሳየኝ» አሉት።